ሙድሉ ባዶ፣ ቴሌግራሙ ሙሉ፤ ተማሪ አብሮ መማሪያ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ምን ሲያገኝበት ነው?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ሙድል በተባለው የበይነ መረብ መማሪያ ሥርዓት ላይ የመወያያ መድረክ ከፍቼ፣ ያልገባቸውን እንዲጠይቁና እርስ በርስ እንዲረዳዱ አሳሰብሁ። ስድስት ሳምንት አለፈ፤ ከእኔ ማስታወቂያ በቀር የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እነዚሁ ተማሪዎች ግን ራሳቸው በከፈቱት የቴሌግራም ቡድን ስለዚሁ ኮርስ ሲጻጻፉ እንደሚያመሹ ተወካያቸው ነግሮኛል። ተማሪ በቴክኖሎጂ አብሮ እንዲማር የሚያነሣሣው ምንድን ነው? ጉዳዩን በመጠይቅ አጥንቼ ጽሑፍ ላዘጋጅበትም አስቤአለሁ። እኔ ራሴስ የቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ ብገባ ይሻላል ወይ?»

ምላሽ፦ የመልሱ ግማሽ በጥያቄዎ ውስጥ አለ። ተማሪዎችዎ ቴክኖሎጂ አንቀበልም ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ማንም ሳያዛቸው፣ በራሳቸው ገንዘብ ካርድ እየሞሉ፣ እንቅልፋቸውን እየሰዉ አብረው የሚማሩበትን ቦታ አደራጅተዋል። እምቢ ያሉት እርስዎ ያዘጋጁላቸውን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ «እንዴት ላነሣሣቸው?» ከማለት ይልቅ «እዚያ ያገኙት፣ እኔ ዘንድ ያጡት ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር ወደ ጉዳዩ ቶሎ ያደርሳል። በትምህርት ቴክኖሎጂ ዘርፍ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብሁት፣ «መቀበል» የምንለው ነገር ለተማሪው አንድ ውሳኔ አለመሆኑን ነው። መግባት አንድ ውሳኔ ነው፤ ገብቶ ማንበብ ሌላ ነው፤ በሰው ፊት መጻፍ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ ውሳኔ ነው። ሦስቱን የሚያንቀሳቅሱት ምክንያቶች የተለያዩ ስለሆኑ፣ ተማሪውን ለማስገባት የጠቀመ ዘዴ እንዳይጽፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሰዎች ቴክኖሎጂን እንዴት እንደሚቀበሉ በሚያጠናው ዘርፍ ከሁሉ በላይ ከሚጠቀሱት አንዱ ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው ጥናት ነው። ዴቪስ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ ለመጠቀም የሚወስነው «ይጠቅመኛል ወይ?» እና «ይቀለኛል ወይ?» ለሚሉ ሁለት ጥያቄዎች በሚሰጠው ግምት ነው ይላል። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ሁለቱ ግምቶች እኩል አለመሆናቸውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። በመጀመሪያው ጥናቱ የጠቀሜታ ግምት ከአጠቃቀም ጋር የነበረው ተዛምዶ 0.63 ሲሆን፣ የቅለት ግምት ተዛምዶ 0.45 ነበር፤ ወደፊት ለመጠቀም ያለውን ሐሳብ በለካበት በሁለተኛው ጥናት ደግሞ 0.85 እና 0.59 ሆኖ ተገኝቷል። ለስታቲስቲክስ መምህር የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ማብራራት አያሻኝም፤ ለሌላው አንባቢ ግን ቁጥሩ ወደ 1 በቀረበ መጠን ተዛምዶው መበርታቱን ልጠቁም። ዴቪስ ራሱ ቅለት በአብዛኛው በጠቀሜታ በኩል አልፎ የሚሠራ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። በተራ አነጋገር፣ ቀላል ስለሆነ ብቻ የማይጠቅመውን ነገር የሚይዝ ሰው የለም፤ የሚጠቅመውን ግን ቢያስቸግረውም እየታገለ ይይዘዋል።

ይህንንም በአገራችን በዓይናችን አይተነዋል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር። ወቅቱ የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና በአብዛኞቹ የትምህርት ዘርፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ ሊሰጥ የተቃረበበት፣ 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን እንደማያገኝ የተነገረበት ጊዜ ነው። ተማሪው ገደቡን የሚያልፍበትን ቪፒኤን ጫነ፤ አንዱ አልሠራ ሲለው ሌላውን ሞከረ፤ ዳታው ቶሎ እያለቀበት፣ ግንኙነቱ እየተቆራረጠበት የሞዴል ፈተናዎችንና የታላላቆቹን ማስታወሻዎች ሲቃረም ከረመ። ያ ሁሉ ጣጣ የሙድልን የይለፍ ቃል ከማስታወስ አይቀልም። ስለዚህ የመምህራን ስብሰባ ላይ «ሙድል ስለሚያስቸግራቸው ነው» የሚል ምክንያት ሲቀርብ፣ ግማሽ እውነት አድርጌ ነው የምቀበለው።

ታዲያ ጠቀሜታ ማለት ለተማሪው ምን ማለት ነው? ለእርስዎ ጠቀሜታው ተማሪው ተወያይቶ ጽንሰ ሐሳቡን ማስረጹ ነው፤ ለእሱ ግን ጠቀሜታ ሰዓት አለው። እስቲ አንድ ምሽት እንመልከት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል፤ ጠዋት ሚድ አለ። አንዲት ተማሪ የዎርክሺቱን ሰባተኛ ጥያቄ ፎቶ አንሥታ «ይቺን የሠራ አለ?» ብላ ትልካለች። ከአራት ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ ከዶርሙ አልጋ ላይ ሆኖ፣ በካሬ ደብተር የሠራውን በደብዛዛ መብራት ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ የአውራ ጣቱ ጥላ የመጨረሻውን መስመር ሸፍኖታል። ሌላው ወዲያው «ሰንጠረዡ የሚሰጥህ የግራውን ስፋት ነው፤ ጥያቄው የሚለው ‹ይበልጣል› ነው፤ ከ1 ቀንሰው» ብሎ ያርመዋል። ሦስተኛው በድምፅ መልእክት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ለምን እንደሚቀነስ በአንድ ደቂቃ ያስረዳል። ልጅቷ የልብ ምልክት ልካ ትተኛለች። በዚህ ምልልስ ውስጥ ስሕተት አለ፣ እርማት አለ፣ ማብራሪያ አለ፤ ከአሥር ደቂቃም አላለፈም።

ያንኑ ጥያቄ በሙድል ላይ ብትጽፈው ምን ይሆን ነበር? የሙድል መደበኛ አሠራር አንድ ጽሑፍ ከተለጠፈ በኋላ ጸሐፊው እንዲያርመው 30 ደቂቃ ይሰጥና ከዚያ በኋላ ነው ለሌሎች በኢሜይል ማሳወቂያ የሚልከው። ማሳወቂያው የሚሄደው ደግሞ ተማሪው ተመዝግቦበት ወደማያየው የኢሜይል አድራሻ ነው። አንድ ሰው በአጋጣሚ ገብቶ ካላየው በቀር ጥያቄው እስከ ጠዋት ብቻውን ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ፈተናው አልፏል። ሙድልን ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሲጀምረው፣ የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣም፣ ሰዎች እውቀትን አብረው ይገነባሉ የሚለውን የትምህርት አስተሳሰብ ይዞ ነበር፤ መሣሪያው ለአብሮ መማር አልተሠራም ማለት አይቻልም። እኛ ግን በአብዛኛው የምንጠቀምበት ሃንድአውት ለመጫንና አሳይመንት ለመቀበል ነው። ተማሪውም ሙድልን የሚያውቀው እንደ መዝገብ ቤት ነው፤ ወረቀት አስረክቦ ይወጣል እንጂ ቆሞ አያወጋም።

ስለ ቅለት በአጭሩ ልበልና ልለፍ። ስልኩ ላይ ቴሌግራም ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሙድል ግን መለያ ቁጥር፣ የይለፍ ቃልና ብዙ ጊዜ የግቢውን ዋይፋይ ይፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ተማሪ ደግሞ የአይሲቲ ቢሮ በር ላይ መሰለፍ አለበት። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ሰነዶችን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ይህን የሚያውቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ በስልካቸው ላይ ማስጫን ብዙ ያቃልላል። ተመራማሪው ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የቴክኖሎጂ አቀባበልን የሚያስረዱ ስምንት ቀደምት ሞዴሎችን አዋሕደው ባቀረቡት ማዕቀፍ ውስጥ «አመቺ ሁኔታዎች» ያሉት ይህን ዓይነቱን ነገር ነው፤ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ስልክ፣ የሚረዳ ሰው። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ተማሪ በክፍልዎ ካለ ስለ መነሣሣት ከማውራት በፊት እሱን ማሰብ ይቀድማል።

በመግባት ውሳኔ ላይ ከሁሉ የሚበረታው ግን የሰው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ራየንና ግሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ አጥንተው አሳተሙ። ከጠየቋቸው 259 ገበሬዎች መካከል ከሁለቱ በቀር ሁሉም በ13 ዓመት ጊዜ ውስጥ ዘሩን ተቀብለው ነበር። ስለ ዘሩ መኖር በብዛት የሰሙት ከሻጮች ነው፤ ለመዝራት ያሳመናቸው ግን የጎረቤታቸው ማሳ ነው። የምርጥ ዘርን ታሪክ በየቀበሌው ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በኋላ ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 የአዳዲስ ነገሮችን ሥርጭት ያብራራበት ንድፈ ሐሳብ አንዱ መሠረት ይኸው የበቆሎ ጥናት ነበር። በእርስዎ ክፍል ውስጥ የዘር ሻጩ እርስዎ ነዎት። ጎረቤቱ ደግሞ ተወካዩ፣ ተማሪዎች «ሰቃይ» የሚሉት ጎበዝ ልጅ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ኮርሱን ያለፈው የአገር ልጅ ነው። እነዚህ ያሉበት ቦታ ላይ ሌላው ይገኛል፤ የሌሉበት ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ማንም የማይመጣበት አዳራሽ ነው። ከላይ በጠቀስሁት የ2003 ጥናት ውስጥ የሰው ተጽዕኖ በውሳኔ ላይ ጎልቶ የታየው አጠቃቀሙ ግዴታ በሆነበት ሁኔታ፣ በተለይም በመጀመሪያው ጊዜ ላይ ነበር፤ ልምድ ሲዳብር ተጽዕኖው እየሳሳ ሄዷል። ይህ የሚነግረን የአለቃም ሆነ የመምህር ግፊት ሰውን ማስገባት እንደሚችል፣ ማቆየት ግን እንደማይችል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ መጻፍ ልምጣ። ተማሪ ገብቶ ሊያነብ ይችላል፤ ጣቱን አንሥቶ «አልገባኝም» ብሎ እንዳይጽፍ የሚያግደው ነገር ግን የቴክኖሎጂ አቀባበልን በሚለኩት የእንግሊዝኛ መጠይቆች ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም፤ እኛ ግን ስም አለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። በሙድል ላይ የሚጽፍ ተማሪ ሙሉ ስሙንና መለያ ቁጥሩን ይዞ፣ ግሬድ በሚሰጠው ሰው ፊት፣ ሳይጠፋ ተቀምጦ በሚቀር ጽሑፍ አለማወቁን እየመሰከረ ነው። በዚያ ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኛ ይህን ልብ ብለን አናየውም፤ ለተማሪው ግን የመወያያ መድረኩ ሳይታወጅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፈተና ይሆንበታል። ስታቲስቲክሱን የተረዳ ልጅ ሰዋስዉን ፈርቶ ዝም ይላል።

ይህን ከራሴ ስሕተት ነው የተማርሁት። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ቦታ እንደ እርስዎው መድረክ ከፍቼ፣ «ሙያዊ ይዘቱን እንዲጠብቅ» ብዬ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲጻፍ መመሪያ አወጣሁ። ሁለት ተማሪዎች ጻፉ፤ ሁለቱም ከአንድ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። አንዱን ዝምተኛ ልጅ በኮሪደር አግኝቼ ለምን እንደማይጽፍ ስጠይቀው፣ «መምህር፣ ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ አቃንቼ እስክጽፍ መልሱን ራሴ አገኘዋለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን መመሪያውን አንሥቼ በፈለጉት ቋንቋ፣ በድምፅም ጭምር እንዲጠይቁ ስፈቅድ ከጠየቁት ውስጥ የመጀመሪያው እሱ ነበር።

በሌላ አገር ይህንኑ ችግር ከሥሩ ያየች ሴት አለች። ፑጃ ሳንካር በሕንድ ካንፑር በሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር በወንዶች በተሞላ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ወንዶቹ እርስ በርስ ተጠያይቀው ሲሠሩ እሷ ለመጠየቅ ዓይን አፋርነት ይይዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው «ፒያሳ» የተባለው የጥያቄና መልስ መድረክ የወጣው ከዚህ ልምድ ነው፤ ስሙ አደባባይ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው ፒያሳም ስሙን ያገኘው ከዚያው የጣሊያንኛ ቃል ነው። በዚያ መድረክ ተማሪ ስሙን ከክፍል ጓደኞቹ ሰውሮ መጠየቅ ይችላል። መሣሪያው በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት ያገኘው ከሌሎች የተለየ ረቂቅ ቴክኖሎጂ ስለነበረው አይመስለኝም፤ የመጠየቅን ሐፍረት ስለቀነሰ ነው። የሙድል መደበኛ የውይይት መድረክ ስምን ሰውሮ መጻፍ አይፈቅድም፤ «ፊድባክ» የተባለው ክፍሉ ግን ይፈቅዳል፤ ብዙ መምህር ግን አይጠቀምበትም።

የሴት ተማሪዎችን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ቴሌግራሙም ቢሆን ለሁሉም እኩል ምቹ ነው ብለው እንዳያስቡ። በትልቅ ቡድን ውስጥ አንዲት ልጅ አንድ ጥያቄ ከጻፈች በኋላ በግል ሣጥኗ «ላስረዳሽ» የሚሉ፣ ከማስረዳት ጋር ግንኙነት የሌላቸው መልእክቶች ይጎርፉላታል። ስልክ ቁጥርንና ፎቶን መደበቅ ይቻላል፤ ስም ግን ይታያል። ስለዚህ ብዙዎቹ በትልቁ ቡድን ያነባሉ፣ የሚጠይቁት ግን በአራትና በአምስት ሴቶች ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው። በትልቁ ቡድን የመልእክት ቁጥር ቆጥሮ «ሴቶች አይሳተፉም» ብሎ የሚደመድም ጥናት እነዚህን ትንንሽ ቡድኖች ጨርሶ አያያቸውም።

ዝም ብለው የሚያነቡትንም እንደ ሰነፍ አይቁጠሩብኝ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 በበይነ መረብ ማኅበረሰቦች ውስጥ ከመቶ 90 የሚሆነው አንባቢ፣ 9 የሚሆነው አልፎ አልፎ የሚጽፍ፣ 1 የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን የሚጽፍ ነው የሚል ግምታዊ ቀመር አስቀምጧል። የሚጽፉት ጥቂት መሆናቸው እንግዲህ የእርስዎ ክፍል ብቻ ጠባይ አይደለም። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ዣን ሌቭ በላይቤሪያ የልብስ ሰፊዎችን የሙያ ልምምድ ስታጠና፣ ተለማማጁ የሚጀምረው ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በማጠፍ እንደሆነ፣ ጨርቅ መቁረጥን የሚማረው ግን መጨረሻ ላይ እንደሆነ ተመልክታለች፤ ከኤትየን ዌንገር ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ሥራ ዳር ላይ ሆኖ መሳተፍ ራሱ የመማር መንገድ ነው ብለዋል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ተራውን የሚጠብቅ ተማሪ ከፊቱ ያለው ሲማር እየሰማ ነው ትምህርቱን የሚይዘው፤ ዘልቆ የሄደውም ጀማሪውን ያስጠናል። ሰባተኛውን ጥያቄ የጠየቀችው አንዲት ልጅ ናት፤ እርማቱን ከየአልጋው ሆኖ ያነበበው ግን ስንት ሰው እንደሆነ አስቡት።

እዚህ ላይ ሊመጣብዎት የሚችለውን ፈተና አውቀዋለሁ፤ «ለጻፈ 5 ከመቶ እሰጣለሁ» ማለት። ቢያደርጉት ይጽፋሉ። በመጨረሻው ቀን ማታ፣ «ከወንድሜ ሐሳብ ጋር እስማማለሁ» የሚሉ አርባ ጽሑፎች ያገኛሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሶማ የተባለ የማገጣጠሚያ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ አደረገ፤ ለአንደኛው ቡድን በፈቱት ቁጥር ገንዘብ ከፈለ፣ ለሌላው አልከፈለም። ክፍያው ሲቆም፣ ተከፍሏቸው የነበሩት ተማሪዎች በነጻ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ዴሲ ከሪቻርድ ራየን ጋር በኋላ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው ከውስጡ የሚነሣሣው በራሱ ፈቃድ ሲሠራ፣ እንደሚችል ሲሰማውና ከሌሎች ጋር መሆኑን ሲያውቅ ነው። በየዩኒቨርሲቲያችን ለዓመታት የተሞከረውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ሐሳቡ አብሮ መማር ነበር፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚሆን በዝርዝር ተለጥፎ ይመጣል፣ ውጤቱ ከፍ ያለው መሪ ይሆናል፣ ዝቅ ያለው ዝቅ ማለቱ በይፋ ይታወቃል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤም ይፈለጋል። የተገኘው ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤው ነበር። የዚያው ክፍል ልጆች ማታ ላይ ከመረጡት ሰው ጋር፣ በመረጡት ሰዓት፣ ያለ ፊርማ ሲያጠኑ ያድሩ ነበር።

ነጥብ ፈጽሞ አይስጡ አላልሁም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ የመግባትን ልማድ ለማስያዝ ትንሽ ነጥብ ቢኖር አይጎዳም፤ ለጥራት ሳይሆን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዞ ለመምጣት ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚያቆያቸው ነጥቡ ሳይሆን መልስ ማግኘታቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ካደረ ሁለተኛው አይመጣም፤ እርስዎ ወዲያው ሙሉ መልስ ከሰጡበት ደግሞ ተማሪዎቹ እርስ በርስ መመላለሱን ይተዉና እርስዎን መጠበቅ ይጀምራሉ። እኔ የሚቀናኝ ጥያቄው ላይ ፍንጭ ብቻ ጥሎ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ፣ የተሳሳተ መልስ ሲመጣም «እስከ ሦስተኛው መስመር ልክ ነህ» ብሎ መጀመር ነው። ከሙድል የመድረክ ዓይነቶች መካከል ተማሪው ራሱ ካልጻፈ የሌሎችን ጽሑፍ እንዳያይ የሚከለክለውን አይምረጡ፤ ያ ዓይነቱ ለምዘና ይሆናል እንጂ ለዓይን አፋር ተማሪ የተዘጋ በር ነው።

ስለ ጥናትዎ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ «ወደፊት እጠቀማለሁ ብዬ አስባለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአንድ እስከ አምስት አስመርጠው ብቻ አይቁሙ፤ መምህሩ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ሲያድለው መልሱ «በጣም እስማማለሁ» መሆኑ የታወቀ ነው፤ እዚህም ይሉኝታ አለ። ሌላ ሰው ይሰብስብልዎት፤ ግሬድ ከገባ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ መጠይቁም ወደ ተማሪዎቹ ቋንቋ ይተርጎምና ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ተርጉሞት ይመሳከር። ከዚያም በሐሳብና በድርጊት መካከል ያለውን ርቀት ለማየት የሙድልን የአጠቃቀም መዝገብ ይጨምሩበት፤ ማን ከፍቶ እንዳየና ማን እንደጻፈ ለየብቻ ይመዘግባል፤ መግባትን፣ ማንበብንና መጻፍን ለይቶ ለመለካት ይኸው ይበቃል። የቴሌግራሙን ምልልስ ማየት ካስፈለገ ተማሪዎቹ ፈቅደው፣ ተወካዩ በኮምፒውተር ላይ ካለው ቴሌግራም አውጥቶ፣ ስሞቹን አጥፍቶ ይስጥዎት። ሁለተኛው ለእርስዎ ሙያ የቀረበ ነው፤ አንዱ ተማሪ የሚገባው ጓደኛው ስለገባ ከሆነ፣ በአንድ ክፍል ያሉ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ነጻ ናሙናዎች አይደሉም። ከሁለት ክፍል 200 ተማሪ ጠይቆ 200 ነጻ ምላሽ እንዳገኙ አድርጎ መተንተን፣ ሊያጠኑት የተነሡትን ነገር ራሱን እንደሌለ መቁጠር ይሆናል። ብዙ ክፍሎችን፣ ከተቻለም የተለያዩ ዲፓርትመንቶችን ይዘው፣ ተማሪው በክፍሉ ውስጥ መሆኑን በሚቆጥር የተዋረድ ሞዴል ይተንትኑት። ሦስተኛው፣ የወጡትንና ያልገቡትን ይጠይቁ። የዚህ ዘርፍ ጥናቶች በብዛት የሚሰሙት የተጠቃሚውን ድምፅ ነው፤ የቡድኑን ማሳወቂያ ዘግቶ የተወው ልጅ የሚነግርዎት ግን ከመቶ መጠይቅ ሊበልጥ ይችላል።

በመጠይቅዎ ውስጥ አንድ አዲስ ተፎካካሪም ያስገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ተማሪው ያልገባውን ለቻትጂፒቲና ለመሰሎቹ መጠየቅ ይችላል፤ ማሽን ደግሞ አይስቅበትም፣ ስሙን አያይም፣ ሌሊትም አይተኛም። በይሉኝታ ሚዛን ከቴሌግራም ቡድኑ እንኳ የቀለለ ነው። የቡድኑ ጥቅም መልስ ማግኘት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡድኖቹ በፈረሱ ነበር፤ እኔ በማያቸው ክፍሎች ግን አልፈረሱም፤ ማሽኑ የሰጣቸውን መልስ ፎቶ አንሥተው «ይሄ ልክ ነው?» ብለው ወደዚያው ቡድን ይዘውት ይመጣሉ። ይህን በቅጡ ማጥናት ከሌላው ሁሉ የበለጠ አዲስ ነገር የሚገኝበት ይመስለኛል።

ወደ ቴሌግራም ቡድናቸው ልግባ ወይ ላሉት፣ አይግቡ። ክፍሉ የእነሱ ነው። እርስዎ በገቡ በማግስቱ እርስዎ የሌሉበት ሁለተኛ ቡድን ይከፈታል፤ በእርስዎ ፊት የሚቀረው «እሺ መምህር» እና «እናመሰግናለን መምህር» ብቻ ነው፤ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ይልቅስ ከተወካዩ ጋር ይነጋገሩ። በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ፣ በቡድኑ ውስጥ ደጋግመው የተጠየቁትንና ያልተፈቱትን ሦስት ጥያቄዎች የማን እንደሆኑ ሳይነግርዎት ይላክልዎት። እርስዎም በወረቀት ሠርተው፣ የሁለት ደቂቃ የድምፅ ማብራሪያ ጨምረው፣ በእሱ በኩል ይላኩላቸው፤ ያንኑ በሙድል ላይም ያኑሩት፤ ሲደጋገም መዝገብ ቤቱ ውስጥም ዕቃ እንዳለ ያውቃሉ። በኮምፒውተር ተጽፎ እስኪያምር አይጠብቁ። ቅዳሜ ቢደርስ ይበቃል፤ ሰኞ ፈተና ካለ ግን ዓርብ ማታ ይድረሳቸው።